የንብ አደን ዕቃችንን ለኮምቦልቻ ልጆች ስንሰጥ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ። ትልቅ ሰው የለበትም፤ አገር ያወቀው ነገር የለበትም። እኔም በስልሳ አንድ ዓመቴ ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ፣ ቅዳሜና እሑድ የምማር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ድርብ ሰረዝ የት እንደሚገባ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ነገር ግን የጽሑፍ መምህራችን የምታውቁትን ጻፉ ብለውናል፤ እኔ ደግሞ ደህና አድርጌ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንብ። ስለዚህ በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ። አንባቢ ከተሰላቸ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የንቦቹ አይደለም።

ስሜ ተዋበች ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በደቡብ ወሎ ወረዳዎች የንብ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደመወዙ እንደማንኛውም የመንግሥት ደመወዝ ነበር፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወረቀቱም ብዙ ነበር፤ በየወሩ «ንብ ያለበት ቀፎ» እና «ንብ የሌለበት ቀፎ» የሚሉ ሁለት ረድፎች እሞላ ነበር። ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የመጀመሪያ ምድቤ ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የችግኝ ጣቢያ ነበር። ከማሠልጠኛ ስወጣ ስለ ንብ የማላውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። ደብተሬ ላይ የንቧን ክንፍና እግር በሦስት ቀለም ስያለሁ። እውነተኛ ንብ በእጄ ነክቼ እንደማላውቅ በመጀመሪያው ቀን የነቁብኝ የጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ይመር ናቸው። እሳቸው በዘበኝነት ይቀጠሩ እንጂ በአካባቢው ሁሉ የሚታወቁት በመንጋ አዳኝነታቸው ነው። የሥራዬን ሀሁ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

አደን የምለውን ነገር ላስረዳ። ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ ቀፎ ይጠባል። ያን ጊዜ አውራ የምንላት እናቲቱ ንብ ግማሹን ሕዝብ አስከትላ ትወጣለች። መንጋው አንድ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ፣ ቤት የሚፈልጉ መልእክተኞች በየአቅጣጫው እየላከ ይቆያል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን። ሰው ቀድሞ ደርሶ አውራዋን ካገኘና ባዶ ቀፎ ውስጥ ካስገባት፣ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይገባል። ካልደረሰ መንጋው ገደል ይገባል፤ ሄደ ነው። ጋሽ ይመር ይህን አደን ይሉታል። ማርባት ለሌላ ሰው ይሁን፣ እኔ አዳኝ ነኝ ይሉ ነበር።

እሳቸው የሚያድኑበት መንገድ የራሳቸው ነበር። መንጋ አለ ተብለው ሲጠሩ አይሮጡም። መጀመሪያ የጠራቸውን ሰው መንጋው መቼ እንዳረፈ ይጠይቁታል። አዲስ መንጋ ከቤቱ ሲወጣ ማሩን ጠግቦ ስለሚወጣ ገራም ነው፤ ሦስት ቀን የቆየ ግን ስንቁን የጨረሰ መንገደኛ ነው፤ ይነጫነጫል። ከዚያ ከዛፉ ሥር ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም ሳይሠሩ ይቀመጣሉ። እኔ በመጀመሪያው ሰሞን የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው ንፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ እያዩ መሆኑን ነገሩኝ። ቀጥለው «ቢስሚላህ» ብለው ይነሡና ቅርጫቱን ከሥር አድርገው ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን በኃይል ያራግፉታል። ሁለት ጊዜ የሚያራግፍ ሰው አይወዱም ነበር። የበሰለ ሙዝ በልቶ የመጣም ሰው አያስጠጉም፤ የተነደፈ ገላ የሙዝ ሽታ ስላለው ንቦቹ ጦርነት የተጀመረ ይመስላቸዋል።

እኔን ገና በመጀመሪያው ቀን ከበር ነው የመለሱኝ። ፊቴን ቅባት ተቀብቼ ነበር። ወደ ወንዙ ወርጄ በአመድ እንድታጠብ አዘዙኝ፤ ዲፕሎማ ይዤ መምጣቴን ነገርኳቸው።

«ወላሂ ደስ ይላል፤» አሉኝ። «ንቧ ግን ማንበብ አትችልም። አንቺን ሳታይሽ በፊት ታሸትሻለች። ሂጂ ታጠቢ።»

ታጠብኩ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ አውራዬን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ጋሽ ይመር ከሸምበቆ የሠሯትን ትንሽ ቧንቧ አቀበሉኝ፤ አውራዋን እዚያ ውስጥ አስገብተን አፉን በሰም ደፈንነው፤ ቀፎው ውስጥ አንጠለጠልናት። ሌሎቹ ንቦች በቀፎው አፍ ላይ ጅራታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ክንፋቸውን ማራገብ ጀመሩ። ጋሽ ይመር እነዚህ ሙአዚኖቹ ናቸው፣ የቀረውን ሕዝብ እየጠሩ ነው አሉኝ። እውነትም መንጋው ሁሉ እየተራመደ፣ በሰልፍ ገባ። እኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው አፍንጫዬን እንድጠርግ ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቴን ከደሴ ሳልነቅል አምስት ቦታ ተመደብኩ። አለቆቼ ብዙ ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ንብ በጣም ስለሚፈሩ ሥራዬን የሚጎበኙት ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ መስኮቱን ዘግተው ነበር። ስንት ቀፎ እንዳለ በጣታቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም በጣቴ እመልሳለሁ። ከአሥር ሲያልፍ እንቸገር ነበር። መጥፎ ሰው ግን አልነበሩም፤ ሊሰናበቱ ሲሉ መስኮቱን ትንሽ ከፍተው ጎበዝ ነሽ ብለውኛል።

ወደ ደሴ ተዛውሬ ስመጣ ሥራዬ ቢሮ ብቻ የሚሆን መስሎኝ አዝኜ ነበር። አንድ ቀን ግን ሆጤ ሰፈር መንጋ ባጃጅ ላይ አረፈ ብለው ጠሩኝ። እውነት ነው፤ የቆመ ባጃጅ መሪ ላይ ተንጠልጥሎ ጉዳይ ያለው ይመስላል። ሹፌሩ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሰው ሁሉ ሲቀልድበት አንገቱን ደፍቷል። አንዱ ባለሱቅ ይኸው ተሳፋሪ ሞላልህ፣ ምን ትጠብቃለህ ይለዋል። ጋሽ ይመር ያኔ ጡረታ ወጥተው ገራዶ ይኖሩ ነበር፤ ሰው ልኬ አስመጣኋቸው። ሁለታችን አውራዋን አግኝተን መንጋውን በቅርጫት አስገባን። አሁን የሚያጓጉዘን መኪና የለም። ጋሽ ይመር ቅርጫቱን በፎጣ ሸፍነው እዚያው ባጃጅ ላይ ወጡና ሹፌሩን ጠሩት።

«ና ንዳ ልጄ።»

«አባባ፣ እኔ ልጆች አሉኝ፤» አለ ሹፌሩ።

«እሷም አሏት። ሃያ ሺህ ይሆናሉ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

በእግር ከሚሄድ ሰው ባልተሻለ ፍጥነት ነዳ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪናዎች ጥሩምባ አልነፉም፤ ምን እንደያዝን ሰው ከአፍ አፍ ነግሯቸው ነበር። ሹፌሩ ሲያደርሰን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው መንጋ ባረፈ ቁጥር የንቧን ሴትዮ ጥሩ ይባል ጀመር፤ እኔም ከቢሮ ወንበር ዳንኩ።

ጡረታ የወጣሁት ሰኔ ላይ ነው። ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ የዕቃ ክፍሉን ስከፍት ከጣራ እስከ ወለል የአደን ዕቃ ነው፤ ነጭ የንብ ልብስ፣ የፊት መረብ፣ ጓንት፣ ማጨሻ፣ ንብ መጥረጊያ የዶሮ ላባ። ለማን ላውርሰው ብዬ ሳስብ ክረምቱ አለፈ።

መልሱ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። እዚያ በአንድ ቀበሌ የሚሠራ፣ እኔ ያሠለጠንኩት ወጣት ባለሙያ ደወለልኝ። ከከተማው በላይ ባለው ከእንስሳት ተከልሎ የቆየ ተራራ ላይ፣ ወላጅ ለሌላቸው ስድስት ልጆች ቦታና ስድስት ባዶ ቀፎ ተሰጥቷቸዋል። ልጆቹ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው፣ በየዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ናቸው። ስድስቱም ቀፎዎች እስከ ኅዳር መጨረሻ ንብ ከገባባቸው ቦታው የእነሱ ይሆናል፤ አንድ እንኳ ባዶ ከቀረ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ማኅበር ይተላለፋል። ንብ የሚገዙበት አቅም የላቸውም፤ ስለዚህ ማደን አለባቸው። ለማደን ደግሞ ልብስ የላቸውም።

ስልኩን ሳልዘጋ አለኝ አልኩት። ለስድስት ልጅ ግን የእኔ ብቻ ስለማይበቃ ጡረታ የወጡ ባልደረቦቼን ደጅ ዞርኩ። አንዷ ልብሷን ስታወጣ አይጥ እጅጌውን በልቶታል፤ ሁለታችንም አይጡን አመሰገንነው፤ የቀረውን ትቶልናል። ሌላው ባልደረባዬ ማጨሻውን አንሥቶ ሰጠኝ፣ መልሶ ወሰደ፣ ሻይ ጠጣን፣ እንደገና ሰጠኝ። በር ላይ ስደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው ብሎ ተከተለኝ። ጋሽ ይመር ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅርጫታቸውን ግን በዳበሳ አግኝተው አቀበሉኝ፤ ልጆቹ ልጅ ሲወልዱ ለእነሱ እንዲያስተላልፉ አደራ አሉኝ።

ልብሶቹ ሁሉ የትልቅ ሰው ልክ ናቸው። ለማሳጠር ጎረቤቴ እማማ ሉባባ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ሉባባ የጨርቃ ጨርቅና የሽቶ ሱቅ አላቸው፤ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤታሞች ነን። ልብሱ ለየቲም ልጆች መሆኑን ስነግራቸው ሌላ ሥራ ሁሉ አቆሙ። አራት ቀን ከሴት ልጆቻቸው ጋር ቆርጠው፣ ሰፍተው፣ አጥበው፣ ተኩሰው ስድስት ልብስ አወጡ። ልጆቹ ሲለብሱት ማየት አለብኝ ብለውም እሑድ ጠዋት ጥቅሉን አቅፈው አብረውኝ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ በሙሉ ደስ የሚል ሽታ ይሸት ነበር። የእሳቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እሳቸው ሁልጊዜ እንደዚያ ይሸታሉ።

ተራራው ላይ ጥቅሉ ሲፈታ ነው የገባኝ። ለየቲም የሚሰጥ ልብስ እንደ ሙሽራ ልብስ መሽተት አለበት ብለው፣ ከሱቃቸው ካለው ሁሉ የተሻለውን ሽቶ መርጠው፣ ስድስቱንም ልብስ በአንገቱና በእጅጌው ረጭተውታል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ጨርቁ ውስጥ ቀበሩ። ካሳሁን የሚባለው ቀልደኛ ልጅ መንጋ ልንይዝ ነው ወይስ ልንዳር ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቁ። እማማ ሉባባ ፊታቸው በራ።

እኔም ሳቅሁ። እዚህ ላይ በትክክል መጻፍ አለብኝ፤ አውቅ ነበር። በዚያ ልብስ ንብ ሊቀረብ እንደማይችል ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ነገር ግን እማማ ሉባባ ቆመው ያዩኛል፤ አራት ቀን ለፍተዋል፤ በልጆቹ ፊት ስጦታዎ አይሆንም ማለት ከበደኝ። ጭሱ ይሸፍነዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አጠገባችን አንድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የጠበቀን መንጋ መቼ እንዳረፈም አልጠየቅሁም። ሦስተኛ ቀኑ ኖሯል።

መጀመሪያ የቀረበችው ሐያት ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከስድስቱ በጣም ጠንቃቃዋ፣ የምነግራትን ሁሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምትደግም ልጅ። ቅርጫቱን ይዛ ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራት መንጋው ድምፁን ቀየረ። ከዚያ ልብሷ ነጭ መሆኑ ቀረ፤ በንብ ተሸፈነ። በጓንቱና በእጅጌው መካከል ገቡ፤ በአንገቷ በኩል ወደ መረቡ ውስጥ ገቡ። ቅርጫቱን ጥላ ሮጠች፣ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ተከትያት ገብቼ በጭስ ሸፍኜ አወጣኋት። ጤና ጣቢያ ስናደርሳት አንድ ዓይኗ ተከድኗል፤ እጇ እንደ ዳቦ አብጧል። ሐኪሙ ለሕይወቷ እንደማያሰጋ ነገረን። መንጋው የቦርከናን ወንዝ ተሻግሮ ሄደ።

የሐያት አክስት ዙበይዳ እየሮጠች መጣች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ የምታሳድጋት እሷ ናት። ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረችኝ።

«እትዬ፣ ልጅቷ እናት የላትም። እናት የላትም ማለት ግን ይሞከርባታል ማለት አይደለም። ሁለተኛ አትመጣም።»

እኔም መንጋው የራበው ስለነበር ነው አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አልነበረም። እማማ ሉባባ ምንም ሳያውቁ ከጎኔ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

በማግሥቱ ገራዶ ሄጄ ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ምን ምን ትሸቱ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ንቧን አልፈራሽም፤» አሉ። «ሉባባን ፈራሽ። ከሁለቱ የትኛዋ እንደምትናደፍ ግን ታውቂ ነበር። አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ ሂጂና ንገሪያት።»

እማማ ሉባባን ሱቃቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ሽቶው መሆኑን፣ እኔም ከመጀመሪያው ማወቄን ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ፣ ሉባባ ይሄ አይሆንም ማለት አቃተሽ?»

አዎ አልኩ። ከልባቸው ተቆጡኝ፤ ቁጣቸውም ስለ ሽቶው አልነበረም። ልጅቷ የተነደፈችው እኔን ለማስደሰት ነው ብዬ ልኑር ወይ አሉኝ። ቁጣው ሲበርድላቸው ግን የካሳሁን ቀልድ ትዝ አላቸውና፣ ሊዳር ነው የመሰለው እኮ ብለው ሳቅ ጀመሩ፤ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ልብሶቹን አምጪ አሉ።

ልብሶቹ በፈላ ውሃና በአመድ ሦስት ጊዜ ታጠቡ፤ ሳሙና እንዳይነካቸው ተባለ። አምስት ቀን ጣራ ላይ ዋሉ። ከዚያ በጥንጁት ጭስ ታጠኑ፤ ጥንጁት ቀፎ የሚታጠንበት ቅጠል ስለሆነ ንቦች የቤታቸው ሽታ ይመስላቸዋል። እማማ ሉባባ በየቀኑ እያሸተቱ ገና ነው ይላሉ። በመጨረሻ ባለቤታቸውን ጠርተው ልብሱን አስሸተቷቸው። እሳቸውም ፊታቸውን አጨማድደው ይሄ የፍየል ጉረኖ ጨርቅ ከየት መጣ አሉ። እማማ ሉባባ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጥቅሉን አሰሩ።

ኮምቦልቻ ወርደን መጀመሪያ የገባነው ዙበይዳ ቤት ነው። እማማ ሉባባ ሽቶውን የረጨሁት እኔ ነኝ አሉ። እኔም እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ዙበይዳ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። ከዚያም ሁለተኛ አትመጣም ብያለሁ፣ አሁን ግን ለራሷ እተወዋለሁ፤ ከፈለገች ትምጣ፣ ካልፈለገች ግን አንድም ሰው እንዳይለምናት አለች። ሐያት ከውስጥ ሰምታናለች፤ አልወጣችም። ማንም አልለመናትም።

ከሌሎቹ አምስት ልጆች ጋር ግን ሥራ ጀመርን፤ እነዚያ ሳምንታት በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ ደስ የሚሉ ነበሩ። ተራራው ላይ አበባው ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይጠብቁኛል። ካሳሁን የመጀመሪያ መንጋውን ሲያራግፍ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ግማሹ ንብ የእሱ ጫማ ላይ ወደቀ፤ ሩብ ሰዓት እንደ ሐውልት ቆሞ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ የደበቀውን የአንዱን እስክሪብቶ ሳይቀር ተናዘዘ። ሌላዋ ልጅ አውራዋን ለመለየት ዓይኗ ከእኔ የፈጠነ ሆነ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ሃያ ባለው ጊዜ አምስት ቀፎ ሞላ። ስድስተኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። ያ የሐያት ቀፎ ነው። ልጆቹ የእሷ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ወስነው፣ ዳር ላይ ግራሩ ሥር አኑረውላታል። እኔ መንጋ ባገኝ ራሴ እንዳስገባበት ሐሳብ አቀረብኩ። ካሳሁን ጫማውን እያየ፣ እትዬ፣ የእሷ ነው እኮ አለኝ። አፈርኩ።

የወሩ መጨረሻ ቀረበ። መንጋ የሚወጣበት ጊዜም እያለፈ ነበር። ኅዳር ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ፣ ከቦዩ በላይ ባለ ዛፍ ላይ አዲስ መንጋ አረፈ፤ ሲያርፍ ካሳሁን በዓይኑ አይቶታል። እኔ ልብሴን ልለብስ ስል ዞር ብዬ ሐያትን አጥሩ ጋ ቆማ አየኋት። አክስቷ ከኋላዋ ናት። ሐያት ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሽቶው መሆኑን ያውቁ ነበር አሉ።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እማማ ሉባባን ላለማስቀየም ብዬ።»

«አሁንስ እንዳይቀየም የሚፈሩት ሰው አለ?»

«ቢኖርም እነግርሻለሁ፤» አልኳት።

ልብሱን አንሥታ አሸተተችው፤ በአንገቱ፣ በእጅጌው፣ በብብቱ። ለበሰች። ጓንቱን እጅጌው ላይ ራሷ በገመድ ሁለት ዙር አሰረች። ካሳሁንንም ጠርታ እጁን አሸተተችው፤ ደህና ነው አለችውና ቅርጫቱን አስያዘችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጄን ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«እትዬ፣ እጅዎ ሽንኩርት ይሸታል።»

እውነት ነበር። ጠዋት ለምሳ ስከትፍ ነበር፤ በውሃ ብቻ ነው የታጠብኩት። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አምስቱ ልጆችም ያዩኛል። ሐያት ትንሽ ቀላች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

«አይቅረቡ። አጥሩ ጋ ይጠብቁኝ፤» አለችኝ።

ሄድኩ። አጥሩ ጋ ከዙበይዳ ጎን ቆምኩ። ዙበይዳ የሻሿን ጫፍ ነክሳለች። ምን አለችዎት ብላ ጠየቀችኝ፤ ይሸታሉ ብላ አባረረችኝ አልኳት። ዙበይዳ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሁለታችን አፋችንን በእጃችን አፍነን ስንስቅ ሐያት ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ አራገፈችው። መንጋው እንዳለ ቅርጫቱ ውስጥ ወደቀ። አልሮጠችም። ተንበረከከችና በጣቷ ንቦቹን ገለጥ ገለጥ እያደረገች ፈለገች። ረጅም ጊዜ ፈለገች። ዙበይዳ መሳቅ ትታ ክንዴን ጨበጠችኝ። ከዚያ ሐያት ሁለት ጣቷን አንሥታ አሳየችን፤ በመካከላቸው አውራዋ አለች።

መንጋው እየተራመደ ወደ ስድስተኛው ቀፎ ገባ። እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት፤ አብዛኛውንም ዙበይዳ ናት እየተረከች ያሳየችኝ፤ ዓይኗ ከእኔ ይሻላል። የመጨረሻዎቹ ንቦች ሲገቡ ሐያት መረቡን ከፊቷ ገልጣ ወደ አክስቷ እጇን አወዛወዘች። ዙበይዳ አጥሩን አልፋ ወደ እሷ ሄደች። እኔ ሽንኩርት ስለምሸት እዚያው ቀረሁ፤ የሚፈልገኝ ሰውም አልነበረም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በወረቀት ጡረታ የወጣሁት ሰኔ ላይ ነው። ሥራዬ በእውነት ያበቃው ግን ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው።